የልጇን ቦታ ለኪቦርድ ሰጡት

የሬዲዮ ሰው ዝምታን እንደ እሳት ይፈራል። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን መጀመሪያ የተማርኩት ይኸንኑ ነበር፤ አየሩ ባዶ እንዳይሆን። ወረቀትሽ ቢጠፋ ስለ ዝናቡ አውሪ፣ እንግዳሽ ቢቀር ዘፈን ልቀቂ፣ ዘፈኑ ቢያልቅ ሰዓት ተናገሪ፣ ብቻ ዝም አትበዪ። ዜና ለሚያነብ፣ የቡና ዋጋ ለሚናገር፣ ስለ አጎበር አጠቃቀም ለሚያስተምር ሰው ደህና ምክር ነው። እኔን ያበገኑኝ ይህን አንድ ምክር ይዘው የማያውቁትን ሁሉ ሊያክሙበት የሚነሡ ሰዎች ናቸው። ነገሩን ሳስበው ዛሬም ደሜ ይፈላል፤ ስለዚህ ረጋ ብዬ እጽፋለሁ ብዬ ቃል አልገባም።

ጣቢያችን ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት ትንንሽ ከተሞች በአንዷ ውስጥ ነው። ቤቱ ድሮ የቡና መጋዘን ነበር፤ ግድግዳውን በስፖንጅ ብንሸፍነውም የጀንፈል ቡናው ሽታ አልለቀቀም። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ መቅረጽ አይቻልም፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ዝናብ የማይወርድባቸውን ቀናት መቁጠር ይቀላል። በሩ ላይ «የማኅበረሰቡ ድምፅ» የሚል ተጽፏል። ጠዋት በቤንችኛ፣ ረፋድ ላይ በሸኮኛ፣ ከሰዓት በከፍኛ እናሰራጫለን፤ በየመሃሉ አማርኛ ይገባል። እኔ የአማርኛዋ ነኝ። ወላጆቼ ከጅማ አካባቢ መጥተው እዚያች ከተማ ሱቅ የከፈቱ ሙስሊሞች ናቸው፤ ጨርቅና ጨው፣ ባትሪና ሳሙና እየሸጡ አሳደጉኝ። ቤንችኛ የለመድኩት ከሱቁ ባንኮኒ ሥር ተቀምጬ ነው። እሰማለሁ፤ ስናገር ግን ሰው ይስቅብኛል። ምንም አይደለም፣ እኔም በአንዳንዱ ሰው አማርኛ እስቃለሁ።

የእኔ ፕሮግራም እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚተላለፍ የአካባቢ ጥበብ ዝግጅት ነው። የአካባቢ ጥበብ ሲባል በእኛ አገር ምን እንደሚደረግ ልንገራችሁ። ከላይ እንግዳ ሲመጣ ሽማግሌዎች ከእርሻቸው ይጠራሉ፣ በአይሱዙ ይጫናሉ፣ ኳስ ሜዳው ዳር ፀሐይ ላይ ይቆማሉ። እንግዳው ከመኪና ሲወርድ «ጀምሩ» ይባላሉ፤ እንግዳው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ «በቃ» ይባላሉ። ለሐዘን የሚነፋው ለአቀባበል ይነፋል፣ ለአዝመራ የሚዘፈነው ለሪባን መቁረጫ ይዘፈናል። ማታ በቴሌቪዥን አንድ ትንፋሽ ለማይሞላ ጊዜ ይታዩና አንባቢው «ውብ ባህላችን» ብሎ ወደ ስፖርት ያልፋል። እነማን ናቸው፣ ምን አሉ፣ ለምን አሉ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ ፕሮግራሜን የጀመርኩት እልህ ይዞኝ ነው። ሰዎቹን ቤታቸው ድረስ ሄጄ፣ እነሱ በመረጡት ቀን፣ የጀመሩትን እስኪጨርሱ ልቀርጻቸው ፈለግሁ።

በዚህ ዓይነት ነው ከሸዋ ቤንች ወዲያ አንዲት መንደር ውስጥ ያሉ ቀርከሃ ነፊዎች ዘንድ የደረስኩት። ሞተር ሳይክል እስከ ወንዙ ያደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ጭቃውን በእግር ነው። ቀርከሃቸውን አይቶ ለማያውቅ ሰው እንዴት እንደሚነፋ መናገር አለብኝ፣ የነገሩ ሁሉ ሥር እዚያ ላይ ነውና። ዋሽንት አይደለም፤ ጣት የሚመላለስበት ቀዳዳ የለውም። አንዱ ቀርከሃ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ረጅሙ ወፍራም ድምፅ፣ አጭሩ ቀጭን ድምፅ ያወጣል። ሰዎቹ ክብ ሠርተው ይቆማሉ፤ እያንዳንዱ ተራው ሲደርስ ያችኑ አንዷን ድምፁን ይነፋና ለሚቀጥለው ይለቃል። ዜማው በሰው መሃል እየዞረ ነው የሚፈጠረው። አንዱን ነጥለህ «ዜማውን ንፋልኝ» ብትለው አይችልም፤ እሱ ያለው አንድ ድምፅ ነው። እምቢልታ የሰማ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ የእነሱ ግን ሰውም ይበዛበታል፣ ዙሩም ይረዝማል።

ያን ቀን ስሰማቸው ዜማው በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ እንደሚጎድል ታወቀኝ። አንድ ተራ ይደርሳል፣ ማንም አይነፋም፣ ተራው ያልፋል፣ ቀጣዩ ይቀጥላል። ክቡም ላይ በሁለት ሰዎች መካከል አንድ ሰው የሚያስቆም ቦታ ተትቷል። መጀመሪያ አንዱ የረሳ መስሎኝ ነበር። የቡድኑን አለቃ፣ ጥርሳቸው ያለቀ ግን ትንፋሻቸው ያላለቀ ሽማግሌ ናቸው፣ ጠጋ ብዬ ጠየቅኋቸው። የሌላውን መንደር አላውቅም፤ እንደነገሩኝ ግን በእነሱ ዘንድ ነፊ ርቆ ሲሄድ ተራው አይሞላም። ሰውየው በሕይወት እስካለና ይመለሳል ተብሎ እስከታሰበ ድረስ ቦታው ለእሱ ይተዋል። ሲሞት፣ ወይም ከቡድኑ ሲወጣ፣ ያን ጊዜ ቀርከሃው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ስለዚህ ዜማውን የሚያውቅ ሰው ጆሮውን ጣል በማድረግ ብቻ ማን እንደሌለ፣ የሌለውም ሰው ገና እንደሚጠበቅ ይረዳል።

የሚጠበቀው ገና ወጣት ነው። አንድ ቀን ከተማ ወርዶ ኳስ ሲያይ ጎረቤት ሞቶ ተቀበረ፤ ቀብሩ ላይ ቀርከሃው ጎደለ። ርቆ ሄዶ ቢሆን ማንም ምንም ባላለ ነበር፤ እዚሁ ከተማ ሆኖ መቅረቱ ግን ሽማግሌውን አስቆጣቸው። በሰው ፊት ገሠጹት። «ቀርከሃህ ሌላ አፍ አያጣም» አሉት። ልጁም ቀርከሃውን እናቱ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቅሎ በማግስቱ ወርቅ ቁፋሮ ወዳለበት ቆላ ወረደ። ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ወሬ ብቻ ነው፤ በዲማ በኩል አየሁት የሚል አለ፣ ከዚያም አልፏል የሚል አለ። ሽማግሌው ይህን ሲያጫውቱኝ ዓይናቸውን ከመሬት አላነሡም። በቁጣ የተናገሩት መሆኑን፣ ቦታውን ለማንም እንዳልሰጡት፣ ልጁ ግን ይህን እንደማያውቅ ነገሩኝ።

እናቱ ከእኔ ብዙም አትበልጥም፤ በልጅነቷ ነው የወለደችው። ባሏ ሞቷል፣ ያላት እሱ ብቻ ነው። ስንቀርጽ በረንዳው ላይ ጎደሬ እየላጠች ትሰማ ነበር። ማይኩን ሳስጠጋላት በእጇ ገፋ አደረገችው። ልጄን ጥሪልኝ ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እንዲያውም ምን ብዬ እንደምጠራው በሆዴ አሰናድቼ ጨርሼ ነበር። ልጥራልሽ ስላት ግን አይሆንም አለች። ልጇ ኩሩ ነው፤ ስሙ በሬዲዮ ከተጠራ እንደ ጠፋ ከብት ተፈለግሁ ብሎ ያፍራል፣ ከናካቴውም ይርቃል። የፈለገችው ዜማው እንዲተላለፍ ብቻ ነበር። ቆላው ድረስ ባይደርስ እንኳ ወደዚያ የሚወርድ ሰው ሰምቶ ያወራዋል፣ አንድ ቀን ደግሞ ራሱ ይሰማዋል ብላ አምናለች።

«እሱ ይሰማል» አለችኝ፣ ቤንችኛና አማርኛ እየቀላቀለች። «ቦታው ባዶ ከሆነ ያውቃል። አንቺ ሌላ ነገር አትጨምሪ።»

እንደማልጨምር ነገርኳት። ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቀን፣ ደጋግመን ቀርጸን፣ የጠራውን ይዤ ወረድኩ። ሽማግሌው እስከ ወንዙ ሸኙኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከሬዲዮ ሥራ እንዲህ ያለ ቀን ብዙ አይገኝም።

ሥራ አስኪያጃችንን አንቱ እያልኩ ነው የምጽፈው። ቁጣዬ ሌላ በይ ይለኛል፤ አስተዳደጌ ግን አይፈቅድልኝም። ድሮ በኪነት ቡድን ውስጥ ኦርጋን ይጫወቱ ነበር፤ ይህን ሳያነሡ የዋሉበት ቀን የለም። ኪቦርዳቸውን ከቤታቸው አምጥተው ጣቢያው ውስጥ ከኮምፒውተሩ ጎን ተክለውታል። ማንኛውም ቅጂ ከመተላለፉ በፊት በእሳቸው እጅ ያልፋል። ያን ዓርብ ቅጂውን ስሰጣቸው ስለ ቦታው ነግሬያቸዋለሁ። ልብ በሉ፣ ነግሬያቸዋለሁ። በየዙሩ አንድ ተራ ባዶ ነው፣ ሆን ተብሎ ነው፣ የአንድ ሰው ቦታ ነው፣ እናቱ ትጠብቀዋለች ብዬ ከነምክንያቱ አስረዳኋቸው። እሳቸው «ይገባኛል፣ ይገባኛል» እያሉ ስልካቸውን ይነካኩ ነበር።

እሑድ ዕለት አብሬያቸው ልስማ ብዬ ወደ መንደሩ ወጣሁ። ንግግሬን አስቀድሜ ቀርጬ ስለነበር ጣቢያ መገኘት አላስፈለገኝም። በሽማግሌው ግቢ ሰው ተሰብስቧል፤ ሬዲዮዋን በርጩማ ላይ አስቀምጠው አንቴናዋን በሽቦ አስረዝመውላታል። እናቱ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። የእኔ ድምፅ ሲሰማ ሳቁ፤ ቀርከሃው ሲጀምር ፀጥ አሉ። እያንዳንዱ ነፊ የራሱ ድምፅ ሲደርስ በጣቱ ወደ ደረቱ እየጠቆመ «እኔ ነኝ» ይል ነበር። ያ ተራ ሲደርስ «ጢን» የሚል የኪቦርድ ድምፅ ገባ።

አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ስሕተት ነው ባልኩ ነበር። በየዙሩ መጣ። ትንፋሽ የለውም፣ ወዝ የለውም፣ ግን ልክ በቦታው ነው የገባው። ነፊዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሽማግሌው ከመሃላቸው ማን እንደነፋ ለማወቅ ይመስላል፣ የእያንዳንዳቸውን ፊት በየተራ አዩ። እናቱ ወደ እኔ ዞረች።

«ማንን አስገባችሁ?» አለችኝ።

ማንንም አላስገባንም፣ ሰው አይደለም፣ ዕቃ ነው አልኳት። መልሴ ነገሩን እንዳላቀለለላት ከፊቷ አየሁ። ሰው ነው ዕቃ ነው ብሎ ለልጇ ማን ይነግረዋል? በሩቅ አገር፣ በሻካራ ሬዲዮ፣ በቆፋሪ ጫጫታ መሃል ለሚሰማ ሰው የሚታወቀው ቦታው መሞላቱ ብቻ ነው። ሽማግሌው በሰው ፊት ያሉትን ፈጸሙት ማለት ነው። ቦታው አልተሰጠም የሚለው ወሬ ከመንደሩ ወጥቶ ልጁ ጆሮ ሳይደርስ ዜማው ሊደርስ ነው። አፈርኩ፣ ከሐፍረቱ ይልቅ ግን ንዴቱ በለጠብኝ፤ ያን ዕለት ወንዙን እንዴት እንደተሻገርኩ አላስታውስም።

ሰኞ ቢሮው ሲከፈት በር ላይ ነበርኩ። ሥራ አስኪያጁ አላፈሩም። እንዲያውም ምስጋና ይጠብቁ ነበር። ዜማው ያነክስ ነበር አሉኝ፤ ቅዳሜን ሙሉ ተቀምጠው የጎደለችውን ድምፅ ፈልገው እንዳገኟት፣ በእያንዳንዱ ዙር በእጃቸው እንዳስገቧት፣ እንዲህ ያለ ሥራ ዱሮ በኪነት ጊዜ ብቻ ይሠራ እንደነበር አወሩልኝ። ጎዶሎ ሥራ ማስተላለፍ ማኅበረሰቡን መናቅ ነው አሉ። ንቀት የሚለውን ቃል ያነሡት እሳቸው ናቸው! ነግሬዎት አልነበረም ወይ ስላቸው ትከሻቸውን ሰበቁ።

«የእነሱ ልማድ ለእነሱ ነው» አሉ። «አድማጭ የሚሰማው ሙዚቃውን ነው።»

እነሱ አድማጭ አይደሉም ማለት ነው። እንግዲያው በሩ ላይ የተጻፈው ማኅበረሰብ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እሳቸው አጥሩን ነቅንቀው አልበቃቸውም፣ ጥሰው ገብተው ሰው ቦታ ላይ ተቀመጡ። ይህን በዚህ ቃል አልነገርኳቸውም። የነገርኳቸው በሚቀጥለው እሑድ ዋናውን ቅጂ ራሴ እንደማስተላልፍና በማንም እጅ እንዲያልፍ እንደማልፈቅድ ነው። እንደ ፍጥርጥርሽ አሉኝ።

አስተላለፍኩት። ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ፣ ያለፈው ሳምንት ትክክል እንዳልነበረ ብቻ ተናግሬ ለቀቅሁት። ፕሮግራሙ ሳያልቅ ስልክ መጮህ ጀመረ። ከመንደሩ የመጣ ስልክ አልነበረም፤ ከከተማ ነው። አንዱ ዘፈኑ ተበላሽቷል አለኝ፣ ሌላው ያለፈው ሳምንቱን መልሱልን አለኝ፣ አንዲት ሴት ደግሞ ማሽናችሁን አሠሩ ብላ መከረችኝ። ሥራ አስኪያጁ ከጎኔ ቆመው ሰሙ። ፈገግታቸው ሙሉ ንግግር ነበር። ማግስቱን የራሳቸውን ቅጂ ከመሃሉ ቆርጠው የጣቢያው መለያ ዜማ አደረጉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዜና በተነበበ ቁጥር፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ በየሰዓቱ «ጢን»። እኔ እውነቱን አንድ እሑድ ተናገርኩ፤ እሳቸው የራሳቸውን በየሰዓቱ ይደግሙታል። እንግዶች ከአዲስ አበባ መጥተው ዜማውን ሲያደንቁ «ባህሉን ከዘመናዊው አዋሕደነው ነው» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

 መለያ ዜማው በተጀመረ ሰሞን እናቱ ኮረሪማ ልትሸጥ ገበያ ወረደች። ከሌላ መንደር የመጡ የምታውቃቸው ሴቶች ገና ከሩቅ ሲያዩዋት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ እሷ መጡ። አቅፈዋት አለቀሱ። ዜማውን በሬዲዮ ሰምተዋል፤ ቦታው ተሞልቷል፤ ልጁ ሞቶ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ማንም አላረዳንም፣ ለምን ሳትነግሪን ቀበርሽው ብለው ወቀሷት። ልጇ በሕይወት ያለ እናት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ መሃል፣ ልጄ አልሞተም እያለች አልቃሾቹን ስታጽናና ዋለች። ኮረሪማዋን ሳትሸጥ ይዛ ተመለሰች። ይህን የነገረችኝ እሷ አይደለችም፤ ገበያው ላይ የነበረች የሱቃችን ደንበኛ ናት።

ዜማው እንደሆነ ክንፍ አወጣ። ሾፌሮች ወደዱት፤ ከስልክ ወደ ስልክ፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተቀዳ በየመኪናው ገባ። ወደ ቱምና ከዚያም ወዲያ ወደ ቆላው ሰው የሚያመላልስ አንድ የፒካፕ ሾፌር፣ ሚስቱ የዚያው መንደር ልጅ ናት፣ አንድ ቀን የልጁን እናት መንገድ ላይ አግኝቷት መኪናውን አቆመ። የምሥራች ሊነግራት ነው። ልጅሽን አየሁት፣ ጤናው ደህና ነው አላት። ምግብ ቤት ውስጥ ተገናኝተው፣ ሲወጡ ፒካፑ ውስጥ የነበረውን ዜማ ከፍቶ አሰምቶታል። ጓደኞቹ ያገርህ ነው ብለው ትከሻውን መቱት። ልጁ እስከ መጨረሻው አዳመጠ፣ እንደገና ክፈተው ብሎ እንደገና አዳመጠ። ከዚያ ሳቀ። እኔ ልመለስ ዕቃዬን እየሰበሰብኩ ነበር፣ ለካ ቸኩያለሁ አለ። በማግስቱ ወደ ድንበሩ ከሚወርዱ ቆፋሪዎች ጋር ሄደ። ሾፌሩ ይህን ሁሉ ለእኔም ሲያወራ ፊቱ በደስታ ይበራ ነበር፤ ምን እየተናገረ እንደሆነ አልገባውም። እሱን አልፈርድበትም።

ይህን ሰምቼ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ስገባ እያለቀስኩ ነበር። አንድ በአንድ ነገርኳቸው። እሳቸው ከመሃሉ የሰሙት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እዚያ ድረስ መሰማታችንን። ሞገዳችን ወርቅ ቁፋሮው ድረስ መድረሱን ለበላይ እንድናሳውቅ ወዲያው ጸሐፊያቸውን ጠሩ። ሞገድ አይደለም፣ ፍላሽ ነው አልኳቸው። ፍላሹ ላይ ያለው የማን ነው አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የእኛው ነው።

ጣቢያው በዓመት አንዴ የአድማጮች ጉባኤ ይጠራል። አዳራሹ በር ላይ ባነር ይሰቀላል፣ የታሸገ ውሃ ይታደላል፣ የፊት ወንበሮች ለባለሥልጣናት ይያዛሉ። የዚያን ዓመቱ ጉባኤ ላይ እናቱንና ሽማግሌውን ይዤ ገባሁ። አዘጋጆቹ ሽማግሌውን ሲያዩ ደስ አላቸው፤ መክፈቻው ላይ ይንፉልን አሉ። ሽማግሌው ለጭፈራ አልመጣሁም ብለው ተቀመጡ። ሥራ አስኪያጁ የዓመቱን ሥራ ሲያቀርቡ መለያ ዜማውን ከሁሉ በፊት አነሡት፣ አሰሙትም፣ ተጨበጨበላቸው። ጥያቄ ያለው ሲባል እናቱ እጇን ሳታወጣ ተነሣች።

«አንተ ነህ የሞላኸው?» አለቻቸው። አማርኛዋ አንቱ የለውም፤ ያን ቀን ባለመኖሩ አላህን አመሰገንኩ።

አዎ እህቴ፣ ለባህላችሁ ዕድገት ብለን ነው አሉ፣ ፈገግ ብለው።

«ልጄ አልሞተም። እኔ ቦታውን አልሰጠሁም። ሽማግሌው አልሰጠም። አንተ ማነህ የምትሰጠው?»

 አንድ ሰው ይቅርታ ቢል፣ አንድ ሰው ዜማው ከዛሬ ጀምሮ ይነሣ ቢል፣ ነገሩ እዚያው ባበቃ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ግን ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ የልጁን ስምና ፎቶ ብታመጪልን በዜና መካከል በነፃ እናስነግርልሻለን፣ በፌስቡክ ገጻችንም እንለጥፋለን አሉ። እንደ ትልቅ ውለታ ቆጥረውት ወደ ባለሥልጣናቱ ዞር አሉ። ሰብሳቢው ሐሳቡን አደነቁ፤ መለያ ዜማውን በተመለከተ ግን ብዙ ሰው የለመደው ስለሆነ ኮሚቴ ተቋቁሞ ይጥናው ብለው ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ። እናቱ የተባለው ሁሉ እንደገባት እርግጠኛ አይደለሁም። አጀንዳው መቀየሩ ግን ገባት። ሽማግሌው ክንዷን ይዘው ወጡ፤ እኔም ተከትያቸው ወጣሁ። ኮሚቴው እስከ ዛሬ አልተሰበሰበም።

ለምን ሥራሽን አልለቀቅሽም የሚሉኝ አሉ። እሑዱን ለማን ልተወው? ወጥቼ ብሄድ የእኔም ሰዓት በኪቦርድ ይሞላል፤ ይህን ደስታ አልሰጣቸውም። ደግሞም ሌላ ሥራ አግኝቻለሁ። እናቱ በገበያ ቀን ኮረሪማዋን ሸጣ ስትጨርስ መናኸሪያ ትገባለች። ወደ ቱምና ወደ ቆላው የሚወርዱትን መኪናዎች እየጠየቀች፣ መስኮት ሥር እየቆመች፣ ለየሾፌሩ መልእክት ትሰጣለች። ሾፌሮቹ ቤንችኛ አይችሉም፤ አብዛኞቹ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። ስለዚህ ከጎኗ እቆምና እሷ የምትለውን በአማርኛ እደግመዋለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ትሳፈራላችሁ አትሳፈሩም ይላል፣ አንዳንዱ እሺ ብሎ ይሄዳል። ሚክሰርና ማሰራጫ ያለው ጣቢያ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ፣ ሁለት ሴቶች በየመኪናው በር በአፋችን እናሰራጫለን። ሲብስብኝ ድምፄ ይዘጋል፤ እሷ ግን እስከ መጨረሻዋ መኪና አትሄድም።

ባለፈው የገበያ ቀን አንድ አዲስ ሾፌር አገኘን። ሞተሩን አስነሥቶ፣ ሬዲዮውን ከፍቶ፣ ክርኑን በመስኮቱ አውጥቶ ያዳምጠኝ ጀመር። መልእክቱን ግማሽ ሳላደርስ የዜና ሰዓት ሆነና መለያ ዜማው ተለቀቀ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ልቀጥል ሞከርኩ። እናቱ እጇን በመስኮቱ አስገብታ ሬዲዮውን ዘጋችው። ሾፌሩ ሊቆጣ አፉን ከፈተና ፊቷን ሲያይ ተወው። እሺ እናቴ፣ እንግዲህ ከመጀመሪያው ንገሩኝ አለ። እኔ ልጀምር ስል በክንዷ ወደ ኋላ መለሰችኝ።

«ቦታህ ባዶ ነው በለው» አለችው፣ ራሷ፣ በአማርኛ። «እናትህ ናት ያለችህ በለው።»